ክሱን ያነሳ ሰው ተመልሶ መክሰስ ይችላል?

በአንድ የመወያያ መድረክ ላይ የተከፈተው ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች፣ የሚጀምርበት ጽሑፍ አጭር ነው። የጻፈው ሰው ከፍኖተ ሰላም አካባቢ መሆኑን ጠቅሶ የአንድ የበርበሬ ነጋዴን ጉዳይ ያቀርባል። ነጋዴው ለሌላ ነጋዴ በጽሑፍ ያበደረውን ገንዘብ ለማስመለስ በወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቷል። ተከሳሹ የመከላከያ መልሱን አስገብቶ ጉዳዩ ለክስ መስማት ተቀጥሮ ሳለ ሽማግሌዎች መሀል ገቡ። ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ክሱ ይነሳ፣ እርቁ ከዚያ ይቀጥላል። ከሳሹ በቀጠሮው ቀን ችሎት ቆሞ ክሱን ማንሳቱን በቃል ተናገረ፣ መዝገቡም ተዘጋ። ተበዳሪው ግን በሽማግሌ ፊት የገባውን ቃል አልፈጸመም። ጠያቂው አቋሙን አልደበቀም፦ ፍርድ ስላልተሰጠ ክሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ሰውየው የዳኝነት ገንዘብ ከፍሎ በማግስቱም ቢሆን እንደ አዲስ መክሰስ ይችላል። የሚቃወም ካለ አንቀጽ ጠቅሶ ይቃወመኝ ብሎ ይጨርሳል። ከዚህ በታች የማወጋው ለዚህ ጽሑፍ የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው ነው፤ ሰላምታና ምርቃት ብቻ የያዙትን ዘልያቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ከጠያቂው ጋር ይስማማል። የሚመረኮዘው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 5 ላይ ነው፦ ዳግም መክሰስ የሚከለከለው በፍሬ ነገሩ ላይ የመጨረሻ ፍርድ ሲሰጥ ነው። እዚህ ምስክር አልተሰማም፣ ሰነድ አልተመዘነም፤ ስለዚህ የሚያግድ ነገር የለም ይላል። 2ኛውም በዚያው መንገድ ሄዶ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ይጨምራል፤ ለመጀመሪያው መዝገብ የተከፈለው ዳኝነት ለሁለተኛው ይታሰብልኛል ብሎ ማንም ተስፋ እንዳያደርግ።

ነገሩን የገለበጠው 3ኛው ነው። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ የሚሠራ ጠበቃ መሆኑን ገልጿል፣ አነጋገሩም ጨዋ ነው። መልሱ ያለው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 278 እስከ 279 እንጂ አንቀጽ 5 ላይ አይደለም ይላል። ከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በማናቸውም ጊዜ ክሱን መተው ይችላል፤ በሙሉም በከፊልም፣ በሁሉም ተከሳሾች ወይም ከመካከላቸው በአንዱ ላይ ብቻ። ጥያቄው እንዴት ተወው ነው። ፍርድ ቤቱ አዲስ ክስ እንዲያቀርብ ፈቅዶለት ከወጣ ተመልሶ መምጣት ይችላል። ይህን ፈቃድ ሳይጠይቅና ሳያገኝ የተወ ግን ፍርድ ቤቱ የሚቆርጠውን ወጪና ኪሳራ ሊከፍል ይችላል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በዚያው ጉዳይ ላይ አዲስ ክስ እንዳያቀርብ መከልከሉ ነው። ክልከላው ከራሱ ከመተው ድንጋጌ ስለሚመነጭ ፍርድ ተሰጠ አልተሰጠ የሚለው ክርክር አይነካውም። 1ኛውና 2ኛው የሳቱት እዚህ ላይ ነው ይልና ሁለቱንም በስማቸው ሳይጠራ ያልፋል።

4ኛው አንድ መስመር ነው፤ ጠያቂው የትእዛዙን ቃል እንዳለ ይጻፍልን ይላል። በእኔ ግምት ከመልሶቹ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚከራከረው ባላየው ወረቀት ላይ ነበርና።

5ኛው የጠያቂው መልስ ነው። የትእዛዙን ግልባጭ ከነጋዴው ተቀብሎ ገልብጦታል፤ ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ «ከሳሽ ክሳቸውን ያነሱ መሆኑን ስለገለጹ መዝገቡ ተዘግቷል። ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» አንቀጽ አልተጠቀሰም። «አዲስ ክስ የማቅረብ መብታቸው ተጠብቆ» የሚል ሐረግ የለም። ስለ ኪሳራም አልተነሳም። ጠያቂው ዳኛው ሳይከለክሉት ዝም ስላሉ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ብሎ ለማለፍ ይሞክራል።

6ኛው ምሕረት የለውም። ዝምታ ፈቃድ አይሆንም፤ ፈቃድ የሚሰጠው ተጠይቆ፣ ምክንያቱ ተመዝኖ፣ በትእዛዝ ውስጥ ተጽፎ ነው። ሰውየው ያልጠየቀውን ዳኛው ከየት አምጥተው ይስጡት? ብድሩ አልቆለታል፣ ያለቀ ነገር ላይ ክር መዘርጋት ሰውን ማታለል ነው ይላል። ቃሉ ሸካራ ቢሆንም በሕጉ በኩል ስሕተት አላገኘሁበትም፤ የሚያከራክረው መጨረሻው ላይ ያለው አልቆለታል የሚለው ብቻ ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

7ኛው ውጥረቱን ለማርገብ የገባ ይመስላል። በፍርድ ቤት በር ላይ ሰው ሁሉ መዝገቤ ተዘጋ ይላል፤ ነገር ግን መዝገብ የሚዘጋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፣ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የክስ መስማት ቀን ሁለቱም ወገኖች ከቀሩ መዝገቡ በአንቀጽ 69(2) ይዘጋል፣ ከሳሹም በአንቀጽ 71 መሠረት ይርጋ (ለመክሰስ በሕግ የተወሰነው ጊዜ ማለፍ) እስካላገደው ድረስ አዲስ ክስ ማቅረብ ይችላል። ከሳሹ ብቻ ቀርቶ ተከሳሹ ከተገኘ ግን አንቀጽ 73 ይመጣል፤ ክሱ ውድቅ ይሆናል፣ በአንቀጽ 74 መሠረትም በዚያው ምክንያት ዳግም መክሰስ አይቻልም። ያለው መውጫ በአንድ ወር ውስጥ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ ትእዛዙን ማስነሳት ብቻ ነው። እርቅ ሲመዘገብ የሚዘጋው ሦስተኛ ነው፣ ከሳሽ ትቶ የሚወጣበት አራተኛ። ሰውየው እጅ ላይ ያለው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ምክር መስጠት አይቻልም ይላል።

8ኛው ይህን መልስ አመስግኖ አንድ ነገር ያርማል። በአንቀጽ 73 ከሳሽ ቢቀርም ተከሳሹ የተጠየቀውን ወይም ከፊሉን ካመነ ፍርድ ቤቱ ባመነው ልክ ይፈርዳል፤ ውድቅ የሚሆነው ያልታመነው ነው። ለብድር ክስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ብዙ ተበዳሪ ከፊሉን ከፍያለሁ ብሎ ስለሚመልስ።

9ኛው መልስ ረጅም ነው፣ ሥራ ላይ የዋለ ሰው እንደጻፈውም ያስታውቃል። ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ ከላይ እስከ ታች ያስረዳል። በቃል መናገር ስለሚቻል ብቻ በቃል አይነገር፤ ማመልከቻ ይጻፍ። ማመልከቻው የመዝገቡን ቁጥርና ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ ይያዝ፣ ከዚያ ምክንያቱን በዝርዝር ያስቀምጥ። ሕጉ የሚቀበላቸው ምክንያቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክሱን በፎርም ጉድለት የሚጥለው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ብድሩን የሰጠው የንግድ ማኅበሩ ሆኖ ሳለ ክሱ በሥራ አስኪያጁ የግል ስም ቀርቦ ከሆነ። ሁለተኛው ሌላ በቂ ምክንያት ነው፤ ይህ ለዳኛው ሚዛን የተተወ ነው። ወሳኙ ሰነድ በሌላ መሥሪያ ቤት ተይዞ አለመውጣቱ ወይም እርቅ መጀመሩ በዚህ ሊታይ ይችላል። ምስክሮቼ አልመሰከሩልኝምና ሌላ ልፈልግ ማለት ግን ዳኛን አያሳምንም፤ ተከሳሹም ዝም ብሎ አያይም።

ቀጥሎ የመጨረሻው የዳኝነት ጥያቄ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስን የሚጠየቀው ነገር፣ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ክሴን አንስቻለሁ ብሎ ያቆማል። መጻፍ ያለበት ክሱን ለመተው እንዲፈቀድለትና በዚሁ ጉዳይ አዲስ ክስ ለማቅረብ እንዲፈቀድለት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጡ። ቅጂው በተከሳሾቹ ቁጥር ልክ ይዘጋጅ። ዳኛው ፈቃዱን በሁኔታ ሊያስሩት ይችላሉ፤ ለምሳሌ ከሳሹ የተከሳሹን ኪሳራ ሳይከፍል አዲስ ክስ እንዳይከፍት። ትእዛዙ ሲነበብ ፈቃዱ ካልተሰማ እዚያው ችሎት ላይ ጠይቆ ማስጻፍ ነው፤ ዳኛው ፈርመው መዝገቡ ከሄደ በኋላ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው። በመጨረሻም 9ኛው ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት አንቀጽ 91ን አስቡ ይላል። ከፍርድ በፊት ክስን በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ማሻሻል ይቻላል፤ የተሳሳተ ገንዘብ፣ የተዘለለ ቀን፣ ያልተሟላ አቤቱታ በማሻሻል የሚድን ሆኖ ሳለ ክስ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

10ኛው ፈቃድ ያገኘም ቢሆን ደረቱን አይንፋ ብሎ ይርጋን ያመጣል። በፈቃድ የቀረበ አዲስ ክስ የሚታየው የመጀመሪያው ክስ ጨርሶ እንዳልቀረበ ተቆጥሮ ነው። ምሳሌው ግልጽ ነው። አንድ ባጃጅ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የሰው ከብት ገጭቶ ገደለ እንበል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ይሰጣል። ባለ ከብቱ ኅዳር 2015 ከሰሰ፣ ነሐሴ 2015 በፈቃድ አነሳ፣ ሽማግሌ ሲጠብቅ ቆይቶ ኅዳር 2016 እንደገና ከሰሰ። ሁለት ዓመቱ መስከረም 2016 ላይ ሞልቷል። ዳኛው ፈቅደውልኛል ማለት አያድነውም፤ ፈቃዱ በሩን ይከፍታል እንጂ ሰዓቱን አያቆምም። በውል ብድር ላይ ግን ዘመኑ በአንቀጽ 1845 አሥር ዓመት ስለሆነ ለበርበሬ ነጋዴው የይርጋ ጭንቀት ገና ነው።

11ኛው ይህን አልተቀበለም፣ ድምፁም ከፍ ብሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1851 ባለገንዘቡ ክስ ሲያቀርብ ይርጋ ይቋረጣል፣ ዘመኑም እንደ አዲስ ይቆጠራል ይላል፤ 10ኛው ሕጉን በግማሹ አንብቦ ሰው ያስፈራራል ብሎ ይከሳል። 12ኛው የ10ኛው ምላሽ ነው። ስድቡን ትቶ ነጥቡን ይይዛል፤ 1851 ስለ ክስ በጠቅላላው ይናገራል፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ተነስቶ በፈቃድ ስለተመለሰ ክስ ብቻ ለይቶ ይደነግጋል፤ ልዩው ጠቅላላውን ይቀድማል። አያይዞም ይርጋን ዳኛው በራሱ እንደማያነሳ ያስታውሳል፤ በአንቀጽ 1856 መሠረት ተከሳሹ ራሱ መቃወም አለበት፣ የመቃወሚያውም ቦታ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ያለው፣ ወደ ፍሬ ነገሩ ከመገባቱ በፊት የሚነሳው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው። ተከሳሹ ሳይጠቅሰው ካለፈ ባለ ከብቱ ይተርፋል። 11ኛው ከዚህ በኋላ ስለ ይርጋ አልጻፈም።

13ኛው የሚጽፈው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ያለውን ለንጽጽር አምጥቷል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶቻቸው የሲቪል ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 41 መሠረት ከሳሽ ተከሳሹ መልስ ወይም ያለ ሙሉ ክርክር ፍርድ ይሰጥልኝ የሚል አቤቱታ ከማቅረቡ በፊት ማስታወቂያ ብቻ አስገብቶ ክሱን መተው ይችላል፤ የዳኛ ፈቃድ አይጠይቅም። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈርመው ከተስማሙም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ግን የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ሌላ ቃል ካልተጻፈበት በስተቀር የመጀመሪያው መተው ዳግም ለመክሰስ አያግድም፤ ያንኑ ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ በማስታወቂያ ከተወው ግን በፍሬ ነገሩ እንደተፈረደ ይቆጠራል። እንግዲህ እዚያ መነሻው ተመልሶ መምጣት ይቻላል ነው፤ በእኛ ሕግ ያለ ፈቃድ ለወጣ ሰው መነሻው አይቻልም ነው። በኢንተርኔት ያነበበውን የውጭ አገር ሕግ ይዞ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው የሚሰናከልበት ልዩነት ይህ ነው ይላል። 14ኛው የጎጃምን ጉዳይ በአሜሪካ ሕግ አታደናግሩብን ብሎ ቆጣ አለ። መቆጣቱ አልገባኝም፤ 13ኛው ራሱ ልዩነቱን ለይቶ አስቀምጧል።

ወደ ሽማግሌዎቹ የተመለሰው 15ኛው ነው፣ ክሩም ከዚህ ጀምሮ የአገሩን መልክ ያዘ። ክሱን አንሳና እንታረቅ የሚለው ቅደም ተከተል ነው ሰውን የሚያስጠቃው ይላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ክስ ላይ እያሉ መታረቅን ይፈቅዳል፤ ማንም ከመታረቁ በፊት ክሱን ማንሳት የለበትም። መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ሁለቱም በቀጠሮው ቀን ቀርበው ሽማግሌ ይዘናል፣ ጊዜ ይሰጠን ብለው ይጠይቁ። ሽማግሌዎቹ የጨረሱትን በወረቀት ያስፍሩ፦ የሁለቱን ሙሉ ስም፣ የፍርድ ቤቱን ስምና የመዝገቡን ቁጥር፣ የሚከፈለውን ገንዘብ በአኃዝና በፊደል፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ ባይከፈል የሚከተለውን፣ ኪሳራ ማን እንደሚችል። ባለጉዳዮቹ ይፈርሙበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለዳኛው ይቅረብና ይመዝገብ። ዳኛው ለሕግና ለመልካም ጠባይ የማይቃረን መሆኑን አይተው ካጸደቁት ተበዳሪው ሲያፈገፍግ አዲስ ክስ አያስፈልግም፤ በዚያው መዝገብ መነሻነት አፈጻጸም ይከፈታል፣ ንብረት ይያዛል። ለመክፈያው ቀን የተለመደውን ለመስቀል፣ ለፋሲካ ማለትን ትታችሁ ቀን፣ ወርና ዓመት ጻፉ የሚል ምክርም አለበት። ለመስቀል የተባለ ዕዳ ስንት መስቀል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል።

16ኛው በዚህ ቅር ተሰኝቷል። ሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ይመስላል፤ ለሽማግሌ ቆሞ ይሟገታል። ክስ ይዞ እርቅ መቀመጥ ሰይፍ ታጥቆ ማዕድ መቅረብ ነው፤ ከሳሹ እርቁ ባልጣመው ቁጥር ችሎት እያለ የሚያስፈራራ ከሆነ ማን ይናገራል ይላል። ሽማግሌ ክስ ይነሳ የሚለው ተንኮል ኖሮት አይደለም፣ ሁለቱን እኩል አድርጎ ለማስቀመጥ ነው። 15ኛው ተመልሶ መጥቶ የሽማግሌን ክብር አልነካሁም፣ ክሱ ታግዶ ሳይሆን ተቀጥሮ ይቆይ ነው ያልሁት ብሎ አለዘበው። ሦስትና አራት መልሶች ከዚህ በኋላ ስለ ሽማግሌ ድግስ ናቸው፤ ጠላው በማን ወጪ ይጠመቅ፣ ለሽማግሌ አበል መቀበል ነውር ነው ወይስ አይደለም። ሞቅ ያለ ክርክር ነበር፣ ለጉዳያችን ግን አይጠቅምም።

21ኛው የደንበጫን አካባቢ ጠቅሶ ሌላ መልክ አመጣ። ሦስት ወንድማማቾች ድንበራቸውን ገፍቶ ባሕር ዛፍ የተከለ ጎረቤት ከሰሱ፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ችሎት ላይ ክሱን አንስተናል አለ። የሁሉም ተነሳ ማለት ነው? 22ኛው በአጭሩ ይመልሳል። በአንቀጽ 278 ፍርድ ቤቱ ከብዙ ከሳሾች አንዱን ሌሎቹ ሳይስማሙ እንዲተው መፍቀድ አይችልም። ሌሎቹ ወንድማማቾች እዚያው ችሎት ላይ አንስማማም ማለትና ተቃውሟቸውን ማስመዝገብ አለባቸው፤ ዝም ብለው ወጥተው ቤት ሄደው መቆጣት ዋጋ የለውም። ከሳሾች በአንድ ወኪል የሚከራከሩ ከሆነ ደግሞ የውክልናውን ወረቀት ይመልከቱ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት መታረቅም ሆነ መክሰስ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ጉዳዬን እንዲከታተልልኝ ብቻ ተብሎ የተሰጠ ውክልና ክስ ለማንሳት አይበቃም፣ እንዲታረቅ፣ ክስ እንዲያነሳ የሚሉት ቃላት በግልጽ ሊሰፍሩበት ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና ስለ ወሰን ድንጋይ ብዙ ተጽፏል፤ አወያዩ ገብቶ ለመሬት የተለየ ክር አለ ብሎ አቋረጣቸው።

24ኛው በድብደባ የተከሰሰ ዘመድ አለው፤ ተበዳዩ ታርቆ ክሱን ቢያነሳ መዝገቡ ይዘጋል ወይ ሲል ይጠይቃል። 25ኛው ክሩን አታንሸራትቱት ብሎ ቆጣ ካለ በኋላ ይመልሳል፦ ያ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ክስ ባለቤቱ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ተበዳይ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ጥፋቶች ካልሆነ በቀር ክሱን ሊያነሳው አይችልም። እርቁ ቅጣት ማቅለያ ይሆን ይሆናል እንጂ መዝገብ አይዘጋም። ስለ ጉዳት ካሳ የቀረበ የፍትሐ ብሔር ክስ ካለ እሱ ለብቻው በ278 ይታያል።

26ኛው ሰው የማያስታውሳቸውን ጓዞች ይዘረዝራል። ክሱ ላይ እግድ ተሰጥቶ ከነበረ ክሱ ሲነሳ እግዱ መሠረት ያጣል፤ ሆኖም ባንኩ ወይም መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ እስካልደረሰው ድረስ ንብረቱን አይለቅም። ስለዚህ ትእዛዙ ውስጥ እግዱ ተነስቷል፣ ለሚመለከተው ይጻፍ የሚል መኖሩን ተከሳሹ ማረጋገጥ አለበት። ተከሳሹ በመልሱ ላይ የተከሳሽ ከሳሽነት አቤቱታ፣ ማለትም ከሳሹን መልሶ የሚከስበትን፣ አቅርቦ ከነበረ ደግሞ ዋናው ክስ በመነሳቱ እሱ አይነሳም፤ ከሳሹ አንስቻለሁ ብሎ ቤቱ ሄዶ ሲቀር በሌለበት የሚፈረድበት በዚህ መንገድ ነው። ዋናው የብድር ሰነድ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ከሆነም በፊርማ ወጪ አድርጎ ቅጂውን ተክቶ መውሰድ ያስፈልጋል። 27ኛው አንድ ይጨምራል፤ ይግባኝ ባይ ይግባኙን ሲተው የሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ እንደጸና ይቀራል፣ ክስ ከማንሳት ጋር አንድ አይደለም።

28ኛው በርበሬ ነጋዴውን ወደ መሀል መለሰው፤ 6ኛውን በቀጥታ ይሞግታል። አዎ፣ በመጀመሪያው የብድር ውል ላይ ዳግም መክሰስ ተዘግቷል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ክሱ ከተነሳ በኋላ አስታርቀዋል ተብሏል። እርቁ በጽሑፍ ከሆነ ራሱን የቻለ ውል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ የሚናገረው ስለዚህ ነው። አዲሱ ክስ ያኔ አበድሬሃለሁ ሳይሆን በዚህ ቀን በተፈረመው እርቅ ልትከፍለኝ ተስማምተሃል የሚል ይሁን። 6ኛው በ29ኛው ተመልሶ ይህ የአሮጌ ክስ አዲስ ልብስ ነው፣ ተከሳሹ ጉዳዩ አንድ ነው ብሎ ይቃወማል፣ ገንዘቡም ያው ገንዘብ ነው ይላል። 28ኛው መቃወሙን አልካደም፤ የሚያሸንፈው ግን ክሱ በየትኛው ሰነድ ላይ እንደቆመ ነው ይላል። ለዚህም ነው የክሱ ማመልከቻ የብድሩን ውል እንደ ታሪክ ብቻ ጠቅሶ ዳኝነቱን በእርቁ ላይ ማቆም ያለበት። ሁለቱን የቀላቀለ ማመልከቻ ለተከሳሹ መቃወሚያውን ጽፎ እንደመስጠት ይሆናል።

በዚህ ክርክር ላይ ሚዛኔ ወደ 28ኛው ያደላል፤ እርቁ አዲስ ግዴታ፣ አዲስ የመክፈያ ቀን ካስቀመጠ ተበዳሪው የጣሰው ያንን ነው። እርቁ በቃል ብቻ ከሆነ ግን ወደ 6ኛው እሄዳለሁ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት በጽሑፍ፣ በችሎት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ በሽማግሌ ምስክርነት ብቻ የቆመ የገንዘብ እርቅም ከዚሁ ጉድጓድ አጠገብ ነው የሚያልፈው።

30ኛው ጠያቂው ነው። አቋሙን መቀየሩን አይናገርም፣ ግን ወረቀቱን ፈልጎ አግኝቷል። እርቁ ተጽፏል፤ ተበዳሪው ፈርሟል፣ ሦስት ሽማግሌዎችም ፈርመዋል። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ እንዲከፈል ተስማምተዋል፣ የመጀመሪያው ቀን አልፏል። የጎደለው የከሳሹ የራሱ ፊርማ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆንሁ ምን ያስፈርመኛል ብሎ ትቶታል።

31ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የ3ኛው ጠበቃ ነው። ሦስት ነገር ያዛል። አንደኛ፣ ከሳሹ ዛሬውኑ በእርቁ ዋና ቅጂ ላይ ቀን ጨምሮ ልፈርም እንዳይል፤ የተፈረመ ሰነድ ላይ ቀለም መጨመር ሌላ ክስ ይጠራል። ይልቅ እርቁን መቀበሉን ለተበዳሪው በጽሑፍ ያሳውቅና የደረሰኝ ፊርማ ይያዝበት። ሁለተኛ፣ ከተዘጋው መዝገብ የተከሳሹን የመከላከያ መልስ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ያውጣ፤ እዚያ ላይ ብድሩን አምኖ ከፊሉን ከፍያለሁ ካለ ያ እምነት በአዲሱ ክርክር ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ የሁለተኛው ክፍያ ቀን እስኪደርስ መጠበቅና አለመጠበቅን የሚወስነው እርቁ ላይ አንዱ ቀን ካለፈ ሙሉው ይጠየቃል የሚል ቃል መኖሩ ነው፤ ከሌለ ለጊዜው መክሰስ የሚቻለው በመጀመሪያው ክፍያ ልክ ነው። ጠያቂው ያንን አንቀጽ አንብቦ እንዲጽፍ ተጠይቋል፤ መልሱ ገና አልመጣም።